ሶሪትን በእጅ ማቅለም፦ የወፍ ሥዕል አሠራር ከማየት እስከ ማስቀመጥ

የምኖረው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ግድብ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያረጁ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ዛፎች አሉ፤ ሶሪት የምትባለው ወፍ የምትውለው እነሱ ላይ ነው። አረንጓዴ ደረቷን፣ ነጭ ጉንጯንና ስትበር ወለል ብሎ የሚታየውን ደም የመሰለ ክንፏን በወጉ ለመሳል ዓመታት ፈጅቶብኛል። እጄ የለመደውን አሠራር ደረጃ በደረጃ እጽፈዋለሁ። ምሳሌዬ ሶሪት ትሁን እንጂ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይም ሆነ ወፍራም ምንቃር ያለውን ቁራ የሚስል ሰው በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላል።

በመስመር የታተመን የወፍ ሥዕል በውሃ ቀለም በእጅ ማቅለም በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ትልቅ ሙያ ነበር። ማተሚያው የሚሰጠው መስመሩንና ጥላውን ብቻ ነው፤ ቀለሙን ለእያንዳንዱ ሉህ የሚያለብሱት ብሩሽ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የእኛም ወፎች በዚህ መንገድ ተሥለዋል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን ወፎች ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ባለ ነጭ ጉንጯን ሶሪት እ.ኤ.አ. በ1835 በሳይንሳዊ ስም የመዘገባትም እሱ ነው። በ1845 ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በእጅ የተቀለሙ 50 ሥዕሎች አሉ፤ ሠዓሊው ዮሴፍ ቮልፍ ግን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ከፊቱ የነበረው የደረቀ ቆዳ ነው። የደረቀ ቆዳ ላባውን ይጠብቃል፤ የዓይንን፣ የምንቃርንና የእግርን ቀለም ግን ያጣል። ለሩፐል አንባቢዎች የሩቅ አገር ወፍ የነበረችው ሶሪት እኔ ቤት ቁርስ ሲቀርብ ትጮኻለች። ቮልፍ ያጣውን፣ በሕይወት ያለችውን ወፍ፣ እኛ ከደጃችን እናገኛለን። ሥራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት

ለወፏ ቢያንስ ሦስት ጠዋት ስጧት። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የላባው አደራደር ጎልቶ ይታያል። የረፋድ ፀሐይ ከላይ ሲመታት አረንጓዴው ይነጣል፣ ሆዷም በጥላ ይዋጣል። አቅራቢ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ከሌላችሁ ደግሞ ትዕግሥት ይተካዋል። ወፏን አታባርሩ፣ ጎጆዋ ዘንድ አትድረሱ፣ በስልክ ድምፅዋን እያሰማችሁ አትጥሩአት። የተረበሸች ወፍ አቋቋሟ ሁሉ የፍርሃት ይሆናል፤ ሥዕሉም ላይ ያ ፍርሃት ይቀራል።

እኔ መጀመሪያ ላይ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነበር የምውለው። አንድ ጠዋት የግቢው ጠባቂ አዛውንት ቆመው ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ እሷን በክንፏ አትፈልጋት፤ በእግሯ ፈልጋት» አሉኝ።

«እንዴት አባባ?» አልኳቸው።

«ቅርንጫፉ ላይ እንደ አይጥ ትሮጣለች። አንተ ትበራለች ብለህ ስትጠብቅ እሷ ከግንድ ወደ ግንድ ሄዳ ጨርሳለች።»

እውነታቸውን ነበር። ሶሪት ረጅም በረራ አትወድም፤ በቅርንጫፍ ላይ ሰውነቷን ዝቅ አድርጋ ትሮጣለች፣ ትዘላለች። የውጪ ጣቷ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚታጠፍ በመሆኑ ቅርንጫፉን አጥብቃ ትይዛለች። ይህን ያላየ ሰው እንደ ዶሮ ቀጥ አድርጎ ያቆማታል፤ ብዙ ሥዕል ላይ ያየሁት ስሕተት ይኸው ነው።

ማስታወሻ ስትይዙ በዚህ ቅደም ተከተል ያዙ፦ ዓይን፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ፣ ምንቃር፣ እግር፤ ላባው ከሁሉ በኋላ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ላባውን በኋላ በቤተ መዘክር ማየት ይቻላል፤ እነዚህ አራቱ ግን በሕይወት ካለች ወፍ ላይ ካልተያዙ የሉም። አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊ አጋሲ ፉርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 አገራችን ውስጥ እየተዘዋወረ በውሃ ቀለም ሲስል የተሟጠጠ ቀለም ላይ መተማመን አልፈለገም፤ አዲስ የተገኘችውን ወፍ ቀለሟ ሳይለወጥ ይስል ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬ በቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ይገኛሉ። የሶሪትን ዓይን ዙሪያ ብርቱካን ያዘለ ቀይ አድርጎ ለመያዝ እሱ የደከመውን ያህል መድከም የለብንም፤ ጠዋት ተነሥቶ ቀና ማለት ይበቃል።

ቀለምን በቃል መያዝ ግን አያስተማምንም። «ቀይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቤት ስትገቡ የትኛው ቀይ እንደነበር አታስታውሱም። እኔ ከመውጣቴ በፊት በጠባብ ወረቀት ላይ 12 ትንንሽ የቀይና የብርቱካን ካሬዎችን ቀብቼ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ 12 አረንጓዴዎችን። ሜዳ ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ከወፏ ጋር አስተያይና በማስታወሻዬ «የዓይን ዙሪያ፦ ቀይ 4፣ ደረት፦ አረንጓዴ 9» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ልክ መውሰድ

መጠኗን ለማወቅ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተሞሉ ወፎችን መመልከት ይጠቅማል። ሶሪት ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 43 ሳንቲሜትር ገደማ ናት፤ ከዚህም ግማሽ የሚጠጋው ጅራት ነው። ጀማሪ ሁሉ ጅራቷን ያሳጥርባታል። በኤ 4 ወረቀት ላይ ስትሠሩ በግማሽ መጠን ሳሏት፤ በቂ ነው። የምንቃርን ርዝመት እንደ መለኪያ ያዙና ጭንቅላቷ ስንት ምንቃር፣ ጀርባዋ ስንት ምንቃር እንደሚሆን ቁጠሩ። የተሞላ ወፍ ዓይኑ የመስታወት፣ ምንቃሩም ብዙ ጊዜ የተቀባ ስለሆነ ከእሱ ልክ ውሰዱ እንጂ የዓይን ቀለም አትውሰዱ።

ወረቀትና ቀለም

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ ገጹ ለስላሳ የሆነውን ውሰዱ፤ ሻካራው የላባን ቀጭን መስመር ይቆራርጣል። ተራ የሥዕል ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጎብጣል፣ ቀለሙም ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል። ቀጭን ወረቀት ብቻ ካገኛችሁ ሁለት ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ዘርጉት፣ አራቱንም ጠርዝ ውሃ ሲነካው በሚጣበቅ የወረቀት ማሸጊያ ያዙትና ለአንድ ሌሊት ተዉት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቀለም ብታፈሱበትም አይጨማደድም።

ስለ ቀለም ግን ረጋ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ፤ እኔን ያስለቀሰኝ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ጥሩ ሶሪቴን የሣልኩት ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በገዛሁት ርካሽ ቀይ ነበር። ቀዩ ያን ጊዜ ያበራ ነበር። ሥዕሉን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። በዓመቱ ክንፏ እንደ ታጠበ ጨርቅ ወይቦ ሮዝ ሆነ፤ አረንጓዴው ግን እንዳለ ነበር። የምንኖረው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐያችን ጠንካራ ናት፣ ደካማ ቀለምን አትምርም።

ስለዚህ ቱቦው ላይ የተጻፈውን የቀለም ኮድ አንብቡ። ፒ አር 83 (PR83) የሚል ከሆነ አሊዛሪን የሚባለው ቀይ ነው፤ ውብ ነው፣ ነገር ግን በብርሃን ይጠፋል። ፒ ቪ 19 (PV19) የሚለው ኪናክሪዶን የሚባል ቀይ ደግሞ ይጸናል። ኮድ የሌለውን ቱቦ ራሳችሁ ፈትኑት፦ በወረቀት ላይ ረጅም ሰረዝ ቀቡ፣ ግማሹን በጥቁር ካርቶን ሸፍኑ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፉና ከጥቅምት እስከ ጥር ተዉት። ካርቶኑን ስታነሡ ሁለቱ ግማሾች ከተለያዩ ያ ቀለም ለሥዕል አይሆንም።

የሚያስፈልጉኝ ቀለሞች ጥቂት ናቸው፦ የሎሚ ቢጫ፣ ብርቱካን ያዘለ ቀይ፣ ኪናክሪዶን ቀይ፣ ፕሩሲያን ሰማያዊ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ የተቃጠለ ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማና ጥቁር ቡናማ ኡምበር። የተዘጋጀ አረንጓዴ አልገዛም። ብሩሽ ጫፉ የሚሾል ክብ ብሩሽ ይሁን፤ ቁጥር 2 እና ቁጥር 6 ይበቃሉ። ውሃ በሁለት ብርጭቆ፦ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ አንዱ ለቀለም። ይህን የናቀ ሰው ቢጫው ሁሉ ጭቃ ይሆንበታል።

የግራር ሙጫ

የድሮ ቀላሚዎች የዓይንን ጥቁር ለማብራትና ጥቁር ላባን ለማጥለቅ የግራር ሙጫ ይጠቀሙ ነበር። የውሃ ቀለም ራሱ የሚጣበቀው በዚሁ ሙጫ ነው። አገራችን የግራር ሙጫ ለውጭ ገበያ የምታቀርብ አገር ናት፤ ለእኛ ሩቅ ዕቃ አይደለም። ነጣ ያለውንና ንጹሑን መርጣችሁ በሙቀጫ አድቅቁት። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጠዋት በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ አጥልሉት። እንዳይሻግት አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጣሉበትና በትንሽ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ወፍራም አድርጋችሁ ከቀባችሁት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሁልጊዜ ቀጭን ይሁን።

መስመሩን መንደፍ

በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ጀምሩ። ሰውነቷን እንደ እንቁላል፣ ጭንቅላቷን እንደ ትንሽ እንቁላል ሣሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን የአንገት መስመር ከማስታወሻችሁ አምጡ። ዓይኗን ከምንቃሯ መስመር ጋር አስተካክሉ፤ ዓይን በአንድ ሚሊሜትር ከተዛነፈ ወፏ ሌላ ወፍ ትሆናለች። ቁንጮዋ ከግንባሯ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚወርድ ነው፤ እንደ አውራ ዶሮ ጉትያ ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙት። ላባውን አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ ትልልቆቹን የክንፍና የጅራት ላባዎች በትክክል ንደፉ፣ የደረቱን ላባ ግን በጥቂት አጫጭር ሰረዞች አመልክቱ።

ንድፉ ሲያምራችሁ በማይለቅ ቀለም በቀጭን ብዕር ድገሙት። «የማይለቅ» የሚለውን የሻጩን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰረዝ አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በእርጥብ ብሩሽ እሹት። ከለቀቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለሙን በጥቂት ውሃ ቀጥናችሁ ግራጫ ብታደርጉት ደግሞ መልካም ነው፤ ድፍን ጥቁር መስመር ወፏን በሽቦ የታሰረች ያስመስላታል።

ከአንድ በላይ ቅጂ ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። ንድፋችሁን በቀጭን ነጭ ወረቀት ላይ ጨርሱና በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም በሚመዝን ወረቀት ላይ ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ይህን ውፍረት በጎን መክተቻው ይቀበላሉ። የፎቶ ኮፒ ዱቄት በሙቀት ስለሚጣበቅ ውሃ አያስለቅቀውም። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ መጀመሪያ አንዱን ሉህ ፈትኑ። ይህ ዘዴ በዚያ ዘመን ሥዕል ይታተምበት የነበረው የድንጋይ ማተሚያ ለቮልፍ የሠራለትን ሥራ ለእኛ ይሠራልናል፦ አንድ ንድፍ፣ ብዙ ሉህ፣ ቀለም ግን በእጅ።

ማቅለም

የውሃ ቀለም ነጭ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሶሪት ሁለት ነጭ ምልክቶች አሏት፦ አንዱ ከዓይኗ ፊት፣ ሌላው ከጆሮዋ አካባቢ ወደ አንገቷ ጎን የሚወርድ ሰረዝ። እነዚህን በእርሳስ ከልሉና ብሩሽ እንዳይነካቸው ጠብቁ። ነጭ ቀለም ኋላ እቀባለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ የተቀባ ነጭ ወረቀቱ እንደተወው ነጭ አያበራም።

ከዓይን ጀምሩ። ብዙ ሰው ዓይንን መጨረሻ ያደርገዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ዓይን ከተበላሸ ሥዕሉ በሙሉ ይጣላል፤ መጀመሪያ ከተበላሸ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው፣ መጨረሻ ከሆነ ግን የሦስት ቀን ድካም። በጥቁሩ ውስጥ የብርሃን ነጥብ የምትሆን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ቦታ ትታችሁ መጀመሪያ ቀጭን ቡናማ፣ ሲደርቅ ጥቁር ኡምበር ከአልትራማሪን ጋር ቀቡ። ከዚያ በዙሪያው ያለውን ቆዳ በብርቱካን ቀይ፤ ቆዳው ትንንሽ ጉብታዎች ስላሉት በአንድ ወጥ ቅብ ፈንታ በብሩሽ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርጉት። ምንቃሯንም በዚሁ ቀይ ቀቡ፣ የላይኛው ጎን ብርሃን የሚመታውን አሳሱ።

አረንጓዴው ሁለተኛው ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ወፏ አንድ ነገር ማወቅ እጅን ይመራል። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ቢጫ ቀለምና በላባው ውስጥ የሚሰባበር ብርሃን ተደርበው የሚሰጡት ነው። የሶሪትና የዘመዶቿ አረንጓዴ ግን ራሱ ቀለም ነው፤ መዳብ አለበት። ቀያቸውም ቱራሲን የሚባል መዳብ ያለው ቀለም ነው፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች እ.ኤ.አ. በ1869 ገልጾታል። ስለዚህ የሶሪት አረንጓዴ ጥልቅና ለስላሳ ነው እንጂ እንደ ብረት አያንጸባርቅም። እናንተም ለማብለጭለጭ አትሞክሩ፤ ለጥልቀት ሥሩ።

ደረቷንና አንገቷን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፤ ውሃው ሊፈስ ሳይሆን ወረቀቱ ወዛም እስኪመስል ብቻ። በጣም የቀጠነ የሎሚ ቢጫ አልብሱትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲደርቅ የሎሚ ቢጫና ፕሩሲያን ሰማያዊ ቀላቅላችሁ፣ ጩኸቱን ለማብረድ የተቃጠለ ሲየና በብሩሽ ጫፍ ጨምራችሁ ሁለተኛውን ንብርብር ቀቡ። ሲየና የሌለበት አረንጓዴ የፕላስቲክ ቅጠል ይመስላል። ሦስተኛው ንብርብር ከክንፉ ሥርና ከአገጩ በታች ባለው ጥላ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያው ድብልቅ ላይ ጥቂት ኡምበር ጨምሩ። አራተኛ ንብርብር አያስፈልግም።

በእያንዳንዱ ንብርብር መካከል መጠበቅ ግዴታ ነው። በበጋ እኛ ሰፈር አሥር ደቂቃ ይበቃል። በክረምት ግን ጭጋጉ ከገፈርሳ ሲወጣ ወረቀቱ ራሱ እርጥበት ይስባል፤ አንድ ቅብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፤ ጠርዙ ቶሎ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ቀለሙ ክብ ሠርቶ ይደርቃል። በእጃችሁ ጀርባ ወረቀቱን ንኩ፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና አልደረቀም።

ጀርባዋና የታጠፈው ክንፏ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው፦ አልትራማሪን፣ ጥቂት ኡምበር፣ ብዙ ውሃ። ሆዷ ግራጫ ነው፤ ጅራቷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቁንጮዋም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ ሁለት ሁለት ንብርብር ይበቃቸዋል። የላባዎቹን ጠርዝ በቁጥር 2 ብሩሽ ጨለም ባለ ቀለም ሰረዝ ሰረዝ አድርጉ፤ ሰረዙ ሁሉ ከሥር ወደ ጫፍ ይሂድ፣ ላባ የሚያድገው ወደዚያ ነውና።

አሁን ቀዩ። አንድ ጠዋት የጽዱ ታችኛ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከእኔ ስድስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት አንዲት ሶሪት የጽድ ፍሬ ስትለቅም ነበር። ፍሬውን በምንቃሯ ጫፍ ነቅላ ቀና ብላ ትውጣለች፤ ጉሮሮዋ አንድ ጊዜ ከፍ ይልና ይመለሳል። ክንፏ እንደታጠፈ ከቀዩ የሚታየው የእግር ጣት የምታህል ጭረት ብቻ ነበር፣ ከግራጫው ሥር እንደ ተደበቀ ሻሽ። ደወል ሲመታ ደንግጣ ወደ ወይራው ተሻገረች፤ ያን ጊዜ ክንፏ ሁሉ ቀላ። ቀዩ ወጥ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ትልቅ ላባ መሐሉ ቀይ፣ ጫፉና የውጪ ጠርዙ ጥቁር ነበር፤ ብርሃን ሲያልፍበት ደግሞ እንደ ጠጅ ብርሌ ውስጡ ይበራል።

ስለዚህ የቆመች ወፍ ስትስሉ ቀዩን አታብዙ፤ አንድ ቀጭን ጭረት በቂ ነው። ክንፏን ዘርግታ ከሳላችኋት ግን እንዲህ ሥሩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ላባ በቀጭን ብርቱካን ቀይ ቀቡ። ሲደርቅ ከላዩ ኪናክሪዶን ቀይ፣ ከላባው አጥንት ጀምሮ ወደ ጠርዝ እየቀጠነ። ሥር ያለው ብርቱካን ከላዩ ባለው ቀይ ውስጥ ሲያልፍ ነው ብርሃን የሚመስለው። ከዚያ ጫፉንና የውጪ ጠርዙን በአልትራማሪንና ኡምበር አጥቁሩ፤ ጥቁሩ ቀዩን ሳይቆርጥ እንዲገናኙ ድንበራቸውን በእርጥብ ብሩሽ አለስልሱ። ሁሉም በደረቀ በማግሥቱ በጣም የቀጠነ የግራር ሙጫ በቀዩ ላይ ብቻ አንድ ጊዜ አሳልፉ፤ ዓይን ላይም አንዲት ጠብታ። የቀረው ገጽ ሙጫ አይንካው፤ ድፍኑ ካላበራ ያበራው ቦታ ይታያል።

በእግሯ ጨርሱ። ጥቁር ግራጫ ነው፤ በላይኛው ጎን ቀጭን የብርሃን መስመር ተዉበት።

ለሚያብረቀርቁ ወፎች

በየአጥሩ አበባ ላይ ለምናየው፣ የአበባ ማር ለሚመጠውና በተከዜ ወንዝ ስም ለሚጠራው ትንሽ ወፍ ይህ አሠራር ብቻውን አይበቃም። የእሱ ሐምራዊና አረንጓዴ ብርሃን ከላባው አሠራር የሚመጣ ስለሆነ በቀለም አይያዝም። በእንግሊዝ የጆን ጉልድ ቀላሚዎች ሃሚንግበርድ የሚባሉትን ትንንሽ ወፎች ለማብረቅረቅ ከቀለሙ ሥር የወርቅ ቅጠል ያደርጉ ነበር። ያለ ወርቅ የሚሆነው ንጽጽር ነው፦ ሰውነቱን እጅግ ጨለማ አድርጉት፣ ከሦስት እስከ አምስት ትንንሽ ቦታዎች ግን የመጀመሪያውን ደማቅ ሐምራዊ እንዳለ ተዉ፣ ጠርዛቸውንም አታለስልሱ።

ሲበላሽ

ቀለም ከመስመር ውጪ ከፈሰሰ ወዲያው በደረቀ ብሩሽ ምጠጡት፤ በጨርቅ አትሹት። ከደረቀ ቦታውን በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ደቂቃ ጠብቁና በለስላሳ ወረቀት ጫን አድርጋችሁ አንሡት። ፕሩሲያን ሰማያዊ ግን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይነሣም፤ እሱን የያዘ ብሩሽ ነጩ ጉንጭ አጠገብ ሲደርስ ትንፋሻችሁን ያዙ። ቀለሙ ጭቃ ከመሰለ ብዙ ቀለም ቀላቅላችኋል ወይም ንብርብሩ ሳይደርቅ ደርባችኋል።

ብዙ ቅጂ በአንድ ጊዜ

በድሮ ማቅለሚያ ቤቶች መጀመሪያ አንድ ሉህ በጥንቃቄ ተቀልሞ ይጸድቅና ሌሎቹ ሁሉ እሱን እያዩ ይቀለማሉ። እኔ ይህን አውራ ሉህ እለዋለሁ። በጠርዙ ላይ የተጠቀማችሁበትን እያንዳንዱን ቀለም ናሙና ቀቡና ድብልቁን ጻፉ። ከዚያ አሥር ሉሆችን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ የሁሉንም ቢጫ በአንድ ጊዜ ቀቡ፤ አሥረኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ደርቋል። እኔና ሁለት የእህቴ ልጆች አንድ ቅዳሜ እንዲህ ስንሠራ አንዱ ቢጫ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ እኔ ቀይና ዓይን ያዝን። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን አሥር ሶሪቶች ነበሩን፤ አሥሩም በጥቂቱ ይለያያሉ፤ እኔም በዚያ ደስ ይለኛል።

ስም መጻፍና ማስቀመጥ

ከሥዕሉ ሥር የአገር ስሟን፣ ሳይንሳዊ ስሟን፣ ያያችሁበትን ቦታና ቀን፣ እንዲሁም በሕይወት ካለች ወፍ ወይም ከቤተ መዘክር መሣላችሁን ጻፉ። የሶሪት ሳይንሳዊ ስም በብዙ መጻሕፍት ታውራኮ ሊውኮቲስ (Tauraco leucotis) ነው፤ ሁለተኛው ቃል በግሪክኛ «ነጭ ጆሮ» ማለት ነው። ሩፐልም የያዘው ያንኑ ነጭ ሰረዝ ነው፤ ብሩሻችሁ ሳይነካው ከቀረ ስሟ ሥዕሉ ላይ አለ ማለት ነው። የአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ሌላ ስም ካላቸው እሱንም አክሉ።

ሥዕሉን ከግድግዳ ጋር የምትሰቅሉ ከሆነ ፀሐይ በማይመታው በኩል ይሁን፤ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመካከሉ የካርቶን ክፈፍ አድርጉ። ካልሰቀላችሁት በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በጠፍጣፋ ማኅደር አስቀምጡ፤ ቡናማ የዕቃ ካርቶን ወረቀቱን በጊዜ ብዛት ያወይበዋል። የግራር ሙጫ የተቀባው ቦታ በእርጥበት ይጣበቃልና ሉሆቹን አትደራርቧቸው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም የመጀመሪያ ደረቅ ሳምንት፣ ማኅደሩን ክፈቱና ሉሆቹን በጥላ ውስጥ ለአንድ ቀን አናፍሷቸው።